ታብሌቷ አልሞተችም፤ ቁልፉ ነው የጠፋው

ለቤተሰብ ጉዳይ ፍኖተ ሰላም በሰነበትኩበት ሰሞን፣ በቡሬ አቅጣጫ ባለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት የሚያስተምረው የእህቴ ልጅ በፌስታል የተጠቀለለች ዕቃ ይዞ መጣ። ፌስታሉን ሲፈታው ከደብተር እምብዛም የማትበልጥ ታብሌት ኮምፒዩተር ወጣች። “ጋሼ፣ እርስዎ የሕግ ሰው ነዎት። እስኪ ይህቺን ይዩና ይፍረዱ፤ ሞታለች ወይስ በሕይወት አለች?” አለኝ። እኔም የሕግ ሰው ስለ ሟች የሚጠየቀው ውርስ ሲኖር ነው ብዬ ቀለድኩበት። እሱ ግን አልሳቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታብሌቷ ከአንድ ባልደረባው በርካሽ የገዛት የራሱ ንብረት ናት። የእርሷው ዓይነት የሆኑ ሌሎች ግን ከዓመታት በፊት አንድ ፕሮጀክት ለትምህርት ቤቱ አስረክቧቸው ከሄደ በኋላ “አይሠሩም” ተብለው ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ለመከፈት ብዙ ደቂቃ ይፈጃሉ። ከተከፈቱ በኋላ “አድሱኝ” ይላሉ፤ ለማደስ ሲሞከር ደግሞ “ቦታ የለኝም” ይላሉ። ስለዚህ ልጁ የጠየቀኝ ስለ አንዲት ታብሌት አልነበረም። የእርሱን ማዳን ከቻልን የተቆለፈባቸውንም ማዳን ይቻላል ወይ ነው ጥያቄው።

እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ ጉዳዩ አነሰብኝ። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። ይሁንና ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ ከተማዋ በስሟ ልክ የኖረችበት ጊዜ ጥቂት ነው። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የአየር ጥቃት ነው በተባለ ፍንዳታ ቢያንስ 26 ሰዎች በከተማዋ መሞታቸውን የዜና ወኪሎች ዘግበዋል። እንዲህ ባለ ስፍራ ስለ ታብሌት ማውራት ቅንጦት ነው የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን በዚሁ ጦስ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። የትምህርት ቤቶች ደጅም በየጊዜው ተዘግቷል። ኢንተርኔት በሌለበትና መጽሐፍ በማይዳረስበት ቦታ፣ መጻሕፍትን በሆዷ ይዛ ያለ ኔትወርክ ልትሠራ የምትችል ዕቃ ተቆልፎባት መቀመጧ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ “እስኪ አምጣት” አልኩት።

ማን ገደላት?

የዚህች ታብሌት ታሪክ የሚጀምረው ከጎጃም በጣም ርቆ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ማይክሮሶፍት ከ9 ኢንች ያነሰ ስክሪን ላላቸው ዕቃዎች ዊንዶውስን ያለ ክፍያ እንደሚሰጥ አስታወቀ። በታብሌት ገበያ አንድሮይድና አይፓድ ቀድመውት ስለነበር ያንን ለመድረስ ያደረገው ሙከራ ነበር። ወዲያውም ብዙ አምራቾች የኢንቴልን ርካሽ የአተም ፕሮሰሰር እየገጠሙ፣ 1 ወይም 2 ጊጋባይት ራም፣ 16 ወይም 32 ጊጋባይት ማከማቻ እየሰጡ፣ ዋጋቸው የማይጎዳ ትንንሽ የዊንዶውስ ታብሌቶችን ገበያ ላይ አፈሰሱ። እርዳታ ሰጪ ድርጅቶችም ሆኑ ፕሮጀክቶች በአነስተኛ ገንዘብ ብዙ ዕቃ መግዛት ስለሚወዱ እንዲህ ያሉት ታብሌቶች እስከ ገጠር ዘለቁ።

ችግሩ ማከማቻው ነው። ዊንዶውስ ብቻውን ከ32 ጊጋባይቱ ሰፊውን ድርሻ ይይዛል፤ ትልቁ እድሳት ሲመጣ ደግሞ ተጨማሪ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ማከማቻው ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ እንደ ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር አውልቀው ሰፊ አይገጥሙበትም። ከዚያም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ለተመዘገበ ተጠቃሚ የአንድ ዓመት የደህንነት ጥገና ማራዘሚያ ቢኖርም ማራዘሚያ ማራዘሚያ ነው። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ካላገኘ አይጫንም። በእጃችን ያለችው ታብሌት የዚህን ግማሽ ብቻ ነው ያላት።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው፤ ስክሪኗ ደህና ነው፣ ባትሪዋ ይይዛል፣ ፕሮሰሰሯ ይሠራል። ያረጀው ብረቱ ሳይሆን በብረቱና በባለቤቱ መካከል ያለው ውል ነው። ሞታለች የተባለችው ታብሌት በሰነድ የሞተች እንጂ በአካል ያልሞተች ናት። በፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ሰው ሲቀርብ የመጥፋት ውሳኔው ይሻራል።

ሁለት ቀን በፍኖተ ሰላም

መፍትሔው ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር በዊንዶውስ ምትክ መጫን ነው። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጀመረውና በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ያሳደጉት የኮምፒዩተር መሠረታዊ ሶፍትዌር ነው። አንባቢዬ ሊኑክስን አላውቀውም ቢል፣ አንድሮይድ ስልክ በኪሱ ካለ በየቀኑ ይጠቀምበታል፤ አንድሮይድ የተሠራው በሊኑክስ መሠረት ላይ ነው።

የእህቴ ልጅ ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ባሕር ዳር ካለ ጓደኛው በፍላሽ አስመጥቶ ነበር። ታብሌቷ ያላት አንድ ትንሽ የቻርጀር ቀዳዳ ብቻ ነው። ፍላሽ፣ ኪቦርድና ማውስ ለመሰካት ከስልክ ዕቃ ሻጭ የተገዛች አጭር መቀየሪያ ገመድና ብዙ ቀዳዳ ያለው ማከፋፈያ አስፈለጉ። ከዚህ በኋላ እንደ ሥራው ቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ በውስጧ ያሉትን ሰነዶች ሁሉ ወደ ሌላ ፍላሽ ገለበጥን። ቀጥሎ ማሽኗ ስትነሳ ወደ መሠረታዊ ማስተካከያዋ ገብተን፣ የተፈረመበትን ሶፍትዌር ብቻ እንድትቀበል የሚያስገድዳትን ጥበቃ አጠፋን። ከዚያም በፍላሹ እንድትነሳ አዘዝናት።

እምቢ አለች። ፍላሹን ጨርሶ እንዳላየች ሆነች።

ምክንያቱን ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጀብን። የእነዚህ ታብሌቶች ፕሮሰሰር 64 ቢት ነው፤ ማሽኑን የሚያስነሳው ሶፍትዌር ግን 32 ቢት ሆኖ ነው የተሠራው። አብዛኞቹ የሊኑክስ ቅጂዎች ደግሞ ሁለቱም 64 ናቸው ብለው ስለሚያስቡ ማሽኑ በፍላሹ ላይ የሚያውቀውን ፋይል ሳያገኝ ይቀራል። በር ላይ የቆመው ዘበኛ የሚያነበው አንድ ፊደል ሆኖ፣ እንግዳው በሌላ ፊደል የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ እንደመምጣት ማለት ነው። መድኃኒቱ አንዲት ትንሽ ፋይል ናት። ዴቢያን ለእንዲህ ዓይነት ማሽኖች ያዘጋጃቸው ቅጂዎች ፋይሏን አብረው ይዘው ይመጣሉ፤ በእጃችን ያለው ፍላሽ ግን ከእነርሱ አልነበረም። በማግሥቱ ትክክለኛውን አግኝተን ስንሞክር ታብሌቷ ተነሳች። ስክሪኑ ግን በጎኑ ተጋድሞ ነበር፤ አንገታችንን አዘንብለን ሠራን።

መጫኑ ሊያልቅ ሲል ባትሪው ወረደ። ቀዳዳው አንድ ነውና ፍላሹ ከተሰካ ቻርጀር አይሰካም። መብራትም ጠፍቶ ነበር። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን ቁጥሩ ሲወርድ አየን፤ 9 በመቶ፣ 7 በመቶ፣ 5 በመቶ። በ4 በመቶ ላይ ተጭኖ አለቀ። ስንፍና አድርገን እንጂ ባትሪውን ሞልተን መጀመር ነበረብን። ይህን የምጽፈው ሌላው እንዳይደግመው ነው።

ዛሬ ታብሌቷ ካለፈችበት ጊዜ ይልቅ ፈጥና ትከፈታለች። ዋይፋይዋ ያለ ጣጣ ሠርቷል፤ ዴቢያን ከሰኔ 2015 ዓ.ም. ከወጣው 12ኛ እትሙ ጀምሮ ለዋይፋይና ለመሰል ክፍሎች የሚያስፈልጉትን ፋይሎች ከመጫኛው ጋር ማካተት መጀመሩ ጠቅሞናል። አማርኛ ትጽፋለች። ሊብሬ ኦፊስ የተባለው የጽሕፈትና የሠንጠረዥ ፕሮግራም የአማርኛ ገጽታ አለው። ኪዊክስ በተባለው ፕሮግራም አማካይነት ደግሞ ከአሥር ሺህ በላይ ጽሑፎች ያሉት የአማርኛ ዊኪፔዲያ ያለ ኢንተርኔት ይነበብባታል። ደብቄ ማለፍ የማልፈልገው ግን ጉድለትም አለ። ካሜራዋ አይሠራም። ድምፅ የሚሰማው በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው። ስክሪኑን በጣት መንካት ቢሠራም እንደ ስልክ አይፈጥንም። “ሊኑክስ ሁሉን ያድናል” የሚል ሰባኪ ካጋጠማችሁ ታብሌት ላይ ጭኖ አያውቅም ማለት ነው።

ከዚህ በፊት የመጡት

ነፃ ሶፍትዌር የተጫነበት ትንሽ ኮምፒዩተር ለኢትዮጵያ ሕፃናት ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 “ለአንድ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ” ከተባለው ዓለም አቀፍ ንቅናቄ አምስት ሺህ ገደማ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች ወደ አገራችን ገብተው ነበር። ኤክስኦ የተባሉት እነዚህ ላፕቶፖች 256 ሜጋባይት ራም ብቻ የነበራቸው ሲሆን የሚሠሩትም በሊኑክስ ነበር። የግዕዝ ፊደል የታተመበት ኪቦርድም ተዘጋጅቶላቸው ነበር። አቧራና ፀሐይ የሚችሉ ጠንካራ ዕቃዎች ነበሩ። ሆኖም የፕሮጀክቱ ዘመን ሲያልፍ ነገሩ ተቀዛቀዘ። በአገር አቀፍ ደረጃ ሥር ሳይሰድ ቀረ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2012 የዚሁ ንቅናቄ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ሌላ ሙከራ ይፋ አደረጉ። በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ ማንበብ ለማያውቁ ሕፃናት የሞቶሮላ ታብሌቶች ያለ አስተማሪ ተሰጥተው ነበር። እንደ እርሳቸው ገለጻ ሕፃናቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ታግዶ የነበረውን ካሜራ እገዳውን ሰብረው አስነስተውታል። በዓለም የዜና ማሰራጫዎች ይህ እንደ ተአምር ተወራ። እኔ ግን ከዜናው ያስቀረሁት ሌላ ነው። ካሜራው መጀመሪያ ለምን ተዘጋ? የገጠር ልጅ ዕቃውን በሙሉ ሳይሆን ከፊሉን ብቻ እንዲጠቀም የወሰነው ሩቅ የተቀመጠ ሰው ነበር። ልጆቹም መልሳቸውን በጣታቸው ሰጡ።

ከሁለቱ ታሪኮች የምንማረው አንድ ነገር ነው። ሊኑክስ ስለተጫነ ብቻ ዕቃ ዕድሜ አያገኝም። ዕቃው ዕድሜ የሚያገኘው ሲበላሽ የሚከፍተው፣ ሲቆለፍ የሚፈታው፣ ሲያረጅ የሚያድሰው እጅ በአቅራቢያው ሲኖር ነው። በ2000 ዓ.ም. ዕቃው መጣ፤ እጁ አብሮ አልመጣም። ዛሬ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ከተሞች ስልክ ፈትተው የሚጠግኑ ወጣቶች በየመንገዱ ዳር አሉ። እጁ አለ ማለት ነው። አሁን የጎደለው ፈቃድ ነው።

የበቆሎ ዘርና ሶፍትዌር

ልጁ “ነፃ ማለት በነፃ የሚገኝ ማለት ነው?” ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ለምዕራብ ጎጃም ሰው ይህን ለማስረዳት ከበቆሎ የተሻለ ምሳሌ የለም።

የአካባቢው ገበሬ እንደ ቢኤች 660 ያለውን ዲቃላ በቆሎ ለዓመታት ዘርቷል፤ ምርቱንም ያውቀዋል። ነገር ግን ከዲቃላው ምርት ላይ ዘር አስቀርቶ በሚቀጥለው ዓመት ቢዘራው ምርቱ ይወርድበታል። ስለዚህ በየዓመቱ ዘር መግዛት አለበት። ዘሩ ከዘገየ፣ ከተወደደ ወይም መንገድ ከተዘጋ ክረምቱ ያመልጠዋል። የአባቱን ዘር ግን ከጎተራው ያወጣል፤ ለጎረቤቱም ያበድራል። ገበሬው ዲቃላውን የሚዘራው ተታልሎ አይደለም፤ ስለሚያዋጣው ነው። ብልህ ገበሬ ግን ምርጥ ዘር እየዘራም የአገሩን ዘር ከቤቱ አያጠፋም።

ዊንዶውስ እንደ ዲቃላው ነው። ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ ዘሩ ግን ያለው በሌላ ሰው ጎተራ ነው። ሊኑክስ የአገር ዘር ይመስላል። ተጠቃሚው እንዳሻው ይገለገልበታል፣ ውስጡን ያያል፣ ለጎረቤቱ ይሰጣል፣ ለራሱ እንዲስማማው ያሻሽለዋል። ከባሕር ዳር በፍላሽ የመጣው ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ መሄዱ ስርቆት አይደለም። ፈቃዱ ራሱ አባዛው፣ አካፍለው ይላል። ሥራው የሚሠራውም በደቦ ነው ብል የማጋነን አይመስለኝም።

ሕጉ ምን ይላል?

በዚህ ላይ የሙያዬን ያህል ልናገር። በአገራችን ከተሞች በየኮምፒዩተሩ ያለው ዊንዶውስ በአብዛኛው እንዴት እንደሚጫን ሁላችንም እናውቃለን፤ “ፎርማት አርግልኝ” ይባላል፣ ከማይታወቅ ፍላሽ ይጫናል፣ ቁልፉ በሌላ ፕሮግራም ይሰበራል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች ውስጥ አካቷል። በአንቀጽ 36 ደግሞ ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ይህ ለከባድ ውንብድና የሚመጥን ቅጣት ነው።

እዚህ ላይ የሕግ ሰዎች የሚከራከሩበት ነጥብ አለ። አዋጁ በአንቀጽ 3 ጥበቃውን የሚሰጠው በዋናነት ለኢትዮጵያውያንና ዋና መኖሪያቸው በኢትዮጵያ ለሆኑ ሰዎች ሥራዎች፣ በኢትዮጵያ ለታተሙ ሥራዎችና አገሪቱ በገባችባቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ለሚሸፈኑ ሥራዎች ነው። ስለሆነም የውጭ ሶፍትዌር በዚህ ጥላ ሥር ይገባል አይገባም የሚለው እንደየሥራው የሚመረመር ነው። ግን በዚህ ክርክር ላይ ቤት መሥራት በአሸዋ ላይ መሥራት ነው። ኢትዮጵያ የዓለም የንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ1995 ዓ.ም. ነው። የድርጅቱ የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት በአንቀጽ 10 የኮምፒዩተር ፕሮግራም እንደ ሥነ ጽሑፍ ሥራ እንዲጠበቅ አባላቱን ያስገድዳል። አባልነት ሲመጣ ይህ ግዴታ አብሮ ይመጣል። ያን ጊዜ በተሰረቀ ቁልፍ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ሁሉ ወይ ይከፍላል ወይ ይከሰሳል። የቅጣቱን ነገር ትተን እንኳ፣ የተሰበረ ቁልፍ ያለው ማሽን በውስጡ ምን እንደገባበት ባለቤቱ አያውቅም። ለተማሪ ስም ዝርዝርና ውጤት ማስቀመጫ እንዲህ ያለ ማሽን መጠቀም ከግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መንፈስ ጋር አይሄድም።

አሁን ወደ ቁምሳጥኑ እንመለስ። የእህቴ ልጅ የራሱን ታብሌት ይዞ ለትምህርት ቤቱ ኃላፊ አሳያቸው። ተደሰቱ፤ አሞገሱት። የተቆለፈባቸውን እንዲከፍቱለት ሲጠይቃቸው ግን እንዲህ አሉ፦ “ልጄ፣ እኔ በሞዴል 19 የተረከብኩት ዊንዶውስ ያለው ታብሌት ነው። ነገ ኦዲተር መጥቶ ዊንዶውሱ የት ሄደ ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?”

ሰውዬውን አልነቅፋቸውም። በእርሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ልፈራ እችላለሁ። ዕቃው ቁምሳጥን ውስጥ ቢበሰብስ ማንም አይጠይቃቸውም፤ ቁጥሩ ልክ ነው። ቢነኩትና አንዱ ቢበላሽ ግን ተጠያቂ ናቸው። ንብረትን ለመጠበቅ የወጣ አሠራር ንብረቱ እንዳይሠራ ሲጠብቅ ማለት ይህ ነው። የንብረት አስተዳደር ሕግ ዓላማ የመንግሥት ንብረት ለታለመለት አገልግሎት እንዲውል ነው። የታብሌቷ አገልግሎት ተማሪን ማስተማር እንጂ ዊንዶውስን ማኖር አይደለም። የተበሳ ጎማ የለወጠ ሾፌር መኪናውን ለወጠ አይባልም፤ ጠገነ ነው የሚባለው። አምራቹ ድጋፉን ባቆመበት ማሽን ላይ ሕጋዊ የሆነ ሌላ ሶፍትዌር መጫንም በእኔ አስተያየት ጥገና ነው። ኃላፊው የሚያስፈልጋቸው ግን የእኔ አስተያየት አይደለም፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው።

ሙኒክና ኬራላ

“ይህ ሁሉ ሌላ አገር ተሞክሮ ወድቋል” የሚል ተከራካሪ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ማስረጃም አለው። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ አሥራ አምስት ሺህ ያህል የአስተዳደር ኮምፒዩተሮቿን ዓመታት ወስዳ ወደ ሊኑክስ አዛውራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ግን የከተማዋ ምክር ቤት ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። ሠራተኞች ከሌላ መሥሪያ ቤት የሚመጣ ሰነድ አልከፈት አለን እያሉ ያማርሩ ነበር፤ የከተማዋ የአይቲ አደረጃጀት መበታተንም ተወቅሷል። ፖለቲካም አልቀረበትም። ባለሀብቷ ሙኒክ ያልቻለችውን ቡሬ እንዴት ትችላለች?

መልሱ በሕንድ ኬራላ ይገኛል። ይህች የሕንድ ግዛት የመንግሥት ትምህርት ቤቶቿን ኮምፒዩተሮች ወደ ነፃ ሶፍትዌር ስታዛውር መጀመሪያ የያዘችው መምህሩን ነው። መምህራን ሠለጠኑ፤ ሶፍትዌሩ በግዛቷ ቋንቋ በማላያላም ተዘጋጀ፤ የመማሪያ መጽሐፉም በዚያው ሶፍትዌር ላይ ተመሥርቶ ተጻፈ። ዛሬም በዚያው ላይ ናቸው። ትምህርት ቤት ከከተማ አስተዳደር ይቀላል፤ አዲስ ተማሪ የለመደው የለምና የሚናፍቀው ዊንዶውስ የለውም። ይህ ለእኛም ይሠራል። ቡሬ መንገድ ላይ ያለ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ከታብሌቷ የሚፈልገው ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት ነው።

የቋንቋውን ጉዳይም ከእኛው ታሪክ እናውቀዋለን። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረዥም ጊዜ፣ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር የራሱ የፊደል አቀማመጥ ነበረው። በአንዱ የተጻፈ የክስ ማመልከቻ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ብቻ ይሆን እንደነበር በዘመኑ ጠበቃ ቢሮ የሠራ ሁሉ ያስታውሳል። ያንን ችግር የፈታው የማንም ንብረት ያልሆነ የጋራ መመዘኛ ነው። ሰነዳችንን የአንድ ኩባንያ ቁልፍ እስረኛ ማድረግ ምን እንደሚያስከትል ለመማር ሙኒክ መሄድ አያስፈልገንም።

ምን ይደረግ?

የምጠይቀው ብዙ በጀት አይደለም። ሦስት ነገር ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ትምህርት ቢሮው ለየትምህርት ቤቱ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፍ። የአምራች ድጋፍ በተቋረጠበት ኮምፒዩተርና ታብሌት ላይ ሕጋዊ የሆነ ነፃ ሶፍትዌር መጫን እንደ ጥገና የሚቆጠር መሆኑን፣ ሥራው በቃለ ጉባዔ እንዲመዘገብና የተማሪዎች መረጃ ቀድሞ ተገልብጦ ከማሽኑ እንዲጠፋ ይግለጽ። ይህ ደብዳቤ ለኃላፊዎቹ ከታብሌት ይልቅ ያስፈልጋቸዋል።

ሁለተኛ፣ ማንኛውም ፕሮጀክት ዕቃ ሲያስረክብ የይለፍ ቃሎቹንና የመክፈቻ ቁልፎቹን አብሮ ያስረክብ። ማሽኑ ሲነሳ የሚጠይቀው ቃልም ሆነ የተመሰጠረ ማከማቻ መክፈቻ ከሌለ፣ የተረከብነው ዕቃ ሳይሆን ውሰት ነው። የርክክብ ሰነዱ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ “ተረካቢው ሶፍትዌሩን የመለወጥ መብት አለው” የሚል።

ሦስተኛ፣ በአካባቢው ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችና በቡሬ ግቢ ያለው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻቸውን ለዚህ ሥራ ያሰማሩ። ለተማሪው ልምምድ ነው፤ ለትምህርት ቤቱ ትንሣኤ ነው። እያንዳንዱ ዓይነት ታብሌት የራሱ ጠባይ ስላለው፣ አንዱ ቡድን ያገኘውን መፍትሔ ጽፎ ለሌላው ያስተላልፍ። እኛ ግማሽ ቀን ያባከንባትን ፋይል የሚቀጥለው ሰው በአምስት ደቂቃ ያገኛታል።

ሁሉም ታብሌት ይነሳል አልልም። ባትሪው ያበጠ አለ፤ እርሱ ለእሳት አደጋ ስለሚያሰጋ ተለይቶ ይወገድ። ማከማቻው የተቃጠለም ይኖራል። ከአሥሩ ስድስቱ ቢነሱ ግን ስድስት ልጆች በአንድ ጊዜ ያነብባሉ።

ከፍኖተ ሰላም ስመለስ የእህቴ ልጅ እስከ መናኸሪያ ሸኘኝ። “ታዲያ ፍርዱ ምን ሆነ ጋሼ?” አለኝ። “ታብሌቷ በሕይወት አለች፤ ሌሎቹ ግን ገና በእስር ላይ ናቸው” አልኩት። ይህችን ጽሑፍም እንደ ይግባኝ ቁጠሩልኝ። የቁምሳጥኑ ቁልፍ በአንድ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ የሚያስፈልገው “ክፈተው” ብሎ የሚፈርም ሰው ነው።

ቸር እንሰንብት።